ላውረንስ፣ ሞተሩና ያላጠለቀው ሄልሜት

የዓረቢያው ላውረንስን ፊልም መጀመሪያ ያየሁት ልጅ ሳለሁ፣ ሰፈራችን በነበረ ቪዲዮ ቤት ነው። ግመል፣ ጎራዴና አሸዋ እናያለን ብለን ከፍለን ገባን። ፊልሙ ግን የሚጀምረው በእንግሊዝ ገጠር አንድ ሰው ሞተር ሳይክሉን ሲወለውል ነው። ሰውየው ሞተሩን ያስነሳል፣ ይፈተለካል፣ ከፊቱ ብስክሌተኞች ድንገት ብቅ ይላሉ፣ መሪውን ይጠመዝዛል። ከዚያ መነጽሩ ብቻ ቁጥቋጦ ላይ ተንጠልጥሎ ይታያል። ዋናው አክተር ፊልሙ ሳይጀመር መሞቱ ግራ አጋብቶን እርስ በርሳችን ተያየን። ከሦስት ሰዓት በላይ ቆይተን ስንወጣ ያቺን የመጀመሪያ ትዕይንት ሁላችንም ረስተናት ነበር።

እኔ ትዝ ያለችኝ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ጎጃም ውስጥ፣ አስፋልት ዳር በጀርባዬ ተዘርግቼ ሰማዩን ሳይ ነው። ያኔ የመሥሪያ ቤት ሞተር ተሰጥቶኝ ከቡሬ ፍኖተ ሰላም እመላለስ ነበር። ሄልሜት ነበረችኝ። የት ነበረች ብትሉኝ፣ ክርኔ ላይ! ትራፊክ ፖሊስ ከሩቅ ሳይ ጭንቅላቴ ላይ ትወጣለች፣ ትራፊኩን ካለፍኩ ወደ ክርኔ ትመለሳለች። በዚያ መስመር ላይ የምንመላለስ ሞተረኞች ብዙዎቻችን እንዲሁ ነበርን። አንድ ቀን ጠዋት መንገዱ ትንሽ ከፍ ብሎ ዝቅ በሚልበት ቦታ፣ ከዝቅታው ውስጥ፣ አንድ ልጅ ሁለት አህያ እየነዳ መሀል መንገዱን ይዟል። የሆነው ሆነ። ልጁም አህዮቹም ደህና ናቸው። የእኔ ትከሻ ወለቀ፣ ጭንቅላቴ ደግሞ ከአንድ ትልቅ ድንጋይ አጠገብ፣ ስንዝር በማትሞላ ርቀት ላይ አረፈ። ሄልሜቷ ለሁለት ተሰንጥቃ ክርኔን አተረፈችልኝ። ክርኔ እስከዛሬ ጤነኛ ነው።

ትከሻዬ እስኪጠገን አልጋ ላይ ስውል ስለዚያ ሰው ማንበብ ጀመርኩ። ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር አስቀምጣለሁ፤ በእኛ መቀየር ሲያስፈልግ እናገራለሁ።

ቶማስ ኤድዋርድ ላውረንስ የተወለደው በኦገስት 1888 ዌልስ ውስጥ ትሬማዶግ በምትባል መንደር ነው። ላውረንስ የሚለው ስም ራሱ የቤተሰቡ አልነበረም። አባቱ ቶማስ ቻፕማን የሚባሉ የአየርላንድ ባለርስት ሲሆኑ፣ ሚስታቸውንና አራት ሴት ልጆቻቸውን ትተው ከልጆቹ ሞግዚት ጋር ኮበለሉ። ከእሷም አምስት ወንዶች ወለዱ፤ ቶማስ ኤድዋርድ ሁለተኛው ነው። ወላጆቹ በሕግ ሳይጋቡ፣ በተዋሱት ስም ኦክስፎርድ ከተማ ገብተው እንደ ጨዋ ባልና ሚስት ኖሩ። ልጁ ይህን ምስጢር ያወቀው ገና በልጅነቱ ነው። ኋላ ስሙን እንደ ሸሚዝ ሲቀያይር ለሚገረሙ ሰዎች ይህ ጥቂት ነገር የሚያስረዳ ይመስለኛል።

ኦክስፎርድ ታሪክ አጠና። ለመመረቂያው በመስቀል ጦረኞች ዘመን የተሠሩ ምሽጎችን ለማየት ፈረንሳይን በብስክሌት፣ ሶርያን በእግሩ አሰሰ። ከ1911 ጀምሮ ካርኬሚሽ በተባለ ጥንታዊ ቦታ የአርኪዮሎጂ ቁፋሮ ላይ ሠራ፤ አረብኛውንም የአካባቢውን ሰው ጠባይም የቀሰመው እዚያ ነው። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲነሳ ካይሮ የእንግሊዝ የስለላ ክፍል ውስጥ ተመደበ። በ1915 ሁለት ወንድሞቹ ፈረንሳይ ጦር ሜዳ ላይ ሞቱ፣ እሱ ቢሮ ተቀምጦ ካርታ ይስላል።

ከዚያ በኋላ ያለውን ፊልሙ ስለነገራችሁ አላረዝመውም። በ1916 አረቦች በኦቶማን ቱርክ ላይ ተነሱ፤ ላውረንስ ወደ ሂጃዝ ተልኮ ከልዑል ፈይሰል ጋር ተዋወቀ፣ የባቡር ሐዲድ በፈንጂ ማፍረስ ሥራው ሆነ፣ በጁላይ 1917 አቃባ በአረቦቹ እጅ ገባች፣ በኦክቶበር 1918 ደማስቆ። እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልጨምር። ይህንን አመፅ ከሱዳን ሆነው በገንዘብና በስንቅ ካገዙት አንዱ የሱዳኑ ገዢ ሰር ሬጂናልድ ዊንጌት ናቸው። እኚህ ሰው በ1941 ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር በኦሜድላ ገብቶ በቡሬ በደምበጫ አድርጎ ደብረ ማርቆስ የደረሰው የእኛው ዊንጌት አባት የአጎት ልጅ ናቸው። ዊንጌትን ብዙዎች ከላውረንስ ጋር ያወዳድሩት ነበር። እኔ ከሞተሬ የወደቅሁት እንግዲህ ዊንጌት ባለፈበት መንገድ ላይ ነው።

ጦርነቱ ሲያልቅ እንግሊዝና ፈረንሳይ አገሩን አስቀድመው በስውር ተከፋፍለውት ኖሯል። ላውረንስ ለአረቦቹ ቃል የገባው ነገር እንደማይፈጸም እያወቀ መምራቱ እስከ መጨረሻው ቆጭቶታል። በ1919 ወደ ካይሮ ሲበር የተሳፈረበት አውሮፕላን ሮም ላይ ተከስክሶ አብራሪዎቹ ሞቱ፤ እሱ አጥንቱ ተሰብሮ ተረፈ። በዚያው ዓመት የመጽሐፉን ረቂቅ አብዛኛውን ክፍል በአንድ ባቡር ጣቢያ ጥሎት ጠፋበትና እንደገና ከመጀመሪያው ጻፈው። ለቸርችል አማካሪ ሆኖ ጥቂት ሠራ። ስሙ በዓለም ሁሉ ናኘ። እሱ ግን በ1922 ኮሎኔልነቱን ትቶ፣ ሮስ በሚል ስም፣ የአየር ኃይል ተራ ወታደር ሆኖ ተመዘገበ። ጋዜጦች ደርሰውበት ተባረረ። ሾው በሚል ስም ደግሞ ታንክ ክፍል ገባ፣ ከዚያ በ1925 ወደ አየር ኃይሉ ተመለሰ። እንግዲህ አስቡት፣ የነገሥታት ወዳጅ የነበረ ሰው ወለል ይጠርጋል፣ ለአሥር አለቃ ይታዘዛል።

ሞተሩ የመጣው እዚህ ላይ ነው። ላውረንስ ከ1922 እስከ ሞተበት ቀን ድረስ ሰባት ብራፍ ሱፒሪየር ሞተር ሳይክሎች ተከታትለው ነበሩት። ስምንተኛው ታዝዞለት ነበር። ብራፍ በኖቲንግሃም ከተማ ጆርጅ ብራፍ የሚባል ሰው በጥቂቱ የሚሠራው፣ በዘመኑ የሞተሮች ሮልስ ሮይስ የሚባል ነው። ሁለት ሲሊንደር፣ 1000 ሲሲ የሚጠጋ፤ ኤስኤስ 100 የተባለው ዓይነት በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር እንደሚነካ ሠሪው ማረጋገጫ ይሰጥ ነበር። ይህ እንግዲህ በ1920ዎቹ፣ የፍሬን ነገር ገና ዳዴ በሚልበት ጊዜ ነው። ላውረንስ ሞተሩን ቦአኔርጌስ ይለው ነበር። መጽሐፍ ቅዱስ የሚያነቡ ያስታውሱታል፤ ጌታ ለያዕቆብና ለዮሐንስ ያወጣላቸው ስም ነው፣ የነጎድጓድ ልጆች። ከክራንዌል ወደ ሊንከን በሚወስደው ሜዳማ መንገድ ላይ አንድ ጊዜ ከላይ ከሚበር አውሮፕላን ጋር እንዴት እንደተሽቀዳደመ ከሞተ ከ20 ዓመት በኋላ በታተመ መጽሐፉ ተርኮታል። ያነበበ ሞተረኛ እጁን ይበላዋል፤ እኔን በልቶኛል።

ሰውየው ግን ዝም ብሎ የሚያብድ ነጂ አልነበረም። ጆርጅ ብራፍ ራሱ ካያቸው ምርጥ ነጂዎች አንዱ አድርጎ ይቆጥረው ነበር። ሞተሩን በእጁ ይጠግናል፣ ድምፁን ያዳምጣል፣ መንገዱን ያውቃል። ይህን የምለው ፈጣን ነጂ ሲሞት ሁሌ የሞኝ ሞት አድርገን ስለምንተርከው ነው። ጎበዙም ይሞታል።

ሌላም የሚገርም ነገር አለ። በ1931 ፕሊመዝ ላይ አንድ የአየር ኃይል የባሕር አውሮፕላን ላውረንስ እያየ ባሕር ላይ ተከሰከሰ። የነፍስ አድን ጀልባዎቹ ቀርፋፋ መሆናቸው አንገበገበው። ከዚያ በኋላ የቀሩትን የአገልግሎት ዓመታት ፈጣን የነፍስ አድን ጀልባ በማሠራትና በመሞከር አሳለፋቸው። ሞተሩን ይፈትናል፣ መመሪያ ይጽፋል፣ በማዕበል ይነዳል። ፍጥነት ሰው እንዲያድን ሲለፋ የኖረ ሰው፣ የራሱን ጭንቅላት በባዶው ይዞ ይጋልብ ነበር። ለነገሩ ያን ጊዜ ማን ያጠልቅ ነበር? ሄልሜት አልነበረም እንዳይባል ነበረ። በማን ደሴት ውድድር ተወዳዳሪዎች ከ1914 ጀምሮ ካላጠለቁ አይገቡም። ለውድድር ብቻ የሚሆን ነገር ተደርጎ ይታይ ነበር እንጂ። ተመልካች በገመድ በተከለለበት፣ ከፊት ማንም በማይመጣበት መንገድ ሄልሜት ግዴታ ሆነ፤ ልጅ፣ በግ፣ ጋሪና ብስክሌት በሚተራመሱበት የሕዝብ መንገድ ላይ ግን ቆብ ይበቃል ተባለ። ይህ ነገር አሁንም ድረስ ግራ ያጋባኛል።

በፌብሩዋሪ 1935 ከአየር ኃይሉ ተሰናበተ። 46 ዓመቱ ነበር። ዶርሴት ውስጥ፣ ክላውድስ ሂል በተባለች ቦታ፣ ለብዙ ዓመት ሲያድሳት የኖረች ትንሽ ጎጆ ነበረችው። እዚያ ገባ። መጽሐፍ ያነባል፣ ሙዚቃ ያዳምጣል፣ ሥራ መፍታቱን ገና አልለመደውም።

ሜይ 13 ቀን፣ በእኛ ግንቦት 5 ቀን 1927 ዓ.ም.፣ ሰኞ ነው። ጣሊያን አገራችንን ሊወር አምስት ወር እንኳ አልቀረውም። ላውረንስ ጠዋት ቦአኔርጌስን አስነስቶ ቦቪንግተን ጦር ሠፈር ወዳለው ፖስታ ቤት ሄደ። ርቀቱ ሦስት ኪሎ ሜትር አይሞላም። ሄንሪ ዊልያምሰን የሚባል ደራሲ ሊጠይቀው እንደሚፈልግ ጽፎለት ኖሮ፣ በማግስቱ ለምሳ እንዲመጣ ቴሌግራም ላከለት። ተመለሰ። በእኛ አቆጣጠር ከረፋዱ አምስት ሰዓት ከሃያ ገደማ፣ ወደ ቤቱ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው፣ መንገዱ እንደ ማዕበል ከፍና ዝቅ ይላል። ከአንዱ ዝቅታ ውስጥ ሁለት የአሥራ አራት ዓመት ልጆች በብስክሌት ወደዚያው አቅጣጫ ይሄዳሉ። ልጆቹ የሞተር ድምፅ ሰምተው ከጎን ለጎን ወደ ፊትና ኋላ መሆናቸውን በኋላ ተናግረዋል። ላውረንስ ከፍታውን ሲጨርስ አያቸው። መሪውን አዞረ፣ የኋለኛውን ልጅ ብስክሌት ነካ፣ በመሪው ላይ ተወርውሮ በጭንቅላቱ ወደቀ።

በምርመራው ላይ አንድ ወታደር ምስክር ጥቁር መኪና ከወዲያ ሲመጣ አይቻለሁ አለ። ልጆቹ መኪና አላየንም አሉ። ያቺ ጥቁር መኪና እስከዛሬ የሴራ ተራኪዎች እንጀራ ናት። ሰላዮች ገደሉት የሚል አለ፣ ጭራሽ አልሞተም የሚልም ነበር። ታዋቂ ሰው በመንገድ አደጋ ሲሞት ከጀርባው እጅ መፈለግ የእኛ አገር ጠባይ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለእኔ ግን የመንገዱ ዝቅታ ይበቃኛል። አይቼዋለሁ ማለቴ፣ የእሱን ሳይሆን የራሴን።

ስለ ፍጥነቱም ክርክር አለ። ያው ወታደር በሰዓት ከ80 እስከ 95 ኪሎ ሜትር ገምቶ ነበር። ሞተሩ ሲታይ ግን ሁለተኛ ማርሽ ላይ እንዳለ ተገኘ፤ በዚያ ማርሽ የሚሄደው ቢበዛ 61 ኪሎ ሜትር ነው። ልብ በሉ! 160 የሚነዳ ሰው፣ 160 በሚነዳ ሞተር ላይ፣ ምናልባት በ60 ሞተ። በቀለበት መንገድ ላይ ሽንኩርት የጫነች ሞተር የምትሄድበት ፍጥነት ነው። በ60 ኪሎ ሜትር አንድ ሴኮንድ ማለት 17 ሜትር ገደማ ነው። ዓይን አይቶ፣ ልብ ደንግጦ፣ እጅ ፍሬን እስኪይዝ አንዲት ሴኮንድ ትሄዳለች፤ እስከዚያ ፍሬኑ ሥራውን አልጀመረም። ስለዚህ በስንት ነው የምነዳው ብሎ መጠየቅ ብቻውን ግማሽ ጥያቄ ነው። ስንት ሜትር ይታየኛል? የሚለው ይቀድማል። ሠላሳ ሜትር ብቻ በሚያሳይ ጉብታ ላይ 60 ብዙ ነው፤ ሁለት ኪሎ ሜትር በሚያሳይ ሜዳ ላይ ሌላ ነገር ነው። መንገዱን በየቀኑ የሚሄድበት ሰው ደግሞ የከፋ ነው፤ ትናንት ባዶ ስለነበር ዛሬም ባዶ ይመስለዋል። እኔ ያቺን ጉብታ ስንት መቶ ጊዜ እንዳለፍኳት አላውቅም።

ላውረንስ ራሱን እንደሳተ ስድስት ቀን በጦር ሠፈሩ ሆስፒታል ተኛ። ሐኪሞች ከለንደን መጡ። ሜይ 19 እሑድ ጠዋት ሞተ። የምርመራው ሸንጎ ድንገተኛ አደጋ ነው ብሎ ወሰነ፣ በዚያው ቀን ሞርተን በምትባል መንደር ተቀበረ። ቸርችል ቀብሩ ላይ አለቀሱ።

እዚህ ላይ ፊልሙ የማያውቀው ሰው ይገባል። ከተጠሩት ሐኪሞች አንዱ ሂዩ ኬርንስ ነበሩ፤ አውስትራሊያዊ፣ የአንጎል ቀዶ ሕክምናን አሜሪካ ድረስ ሄደው ከታላቁ ከሃርቪ ኩሺንግ የተማሩ። በሽተኛቸውን ማዳን አልቻሉም። ነገሩ ግን ከአእምሯቸው አልወጣም። ወደ ኦክስፎርድ ሄደው የጭንቅላት ጉዳት ማከሚያ አቋቋሙ፣ የሞተረኞችን መዝገብ ማገላበጥ ያዙ። ሁለተኛው ጦርነት ሲመጣ መዝገቡ በዛ። እንግሊዝ በጦርነቱ ምክንያት ማታ መብራቷን ስላጠፋች፣ መልእክት የሚያደርሱ ወታደሮች በጨለማ በሞተር ይከንፋሉ፣ ይሞታሉ።

በኦክቶበር 1941 ዶክተሩ በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል ላይ የጻፉት ጽሑፍ ወጣ። ከጦርነቱ በፊት በነበሩት 21 ወራት 1,884 ሞተረኞችና ከኋላ የተፈናጠጡ ሰዎች ሞተዋል፤ በጦርነቱ የመጀመሪያ 21 ወራት ደግሞ 2,279። ነዳጅ በራሽን በሚሸጥበት ጊዜ! ዶክተሩ ካዩአቸው ተጎጂዎች መካከል ሄልሜት ያጠለቁት ሰባት ብቻ ናቸው፤ ሰባቱም በሕይወት ተረፉ። ሰባት ሰው ትንሽ ነው፣ ይህን እሳቸውም ያውቃሉ። ሠራዊቱ ግን አልጠበቀም፤ በኖቬምበር 1941 በሥራ ላይ ያለ ወታደር ሞተረኛ ሁሉ እንዲያጠልቅ አዘዘ። በ1943 መቶ ስድስት ሄልሜት ያጠለቁ ተጎጂዎችን መርምረው ሌላ ጽሑፍ አወጡ፤ አብሯቸው የሠራው ሆልቦርን የሚባል የፊዚክስ ሰው ነው። ሆልቦርን አንጎልን የሚመስል ጄላቲን በቅርጽ ውስጥ እያደረገ፣ ጭንቅላት በድንገት ሲዞር ውስጡ እንዴት እንደሚጠማዘዝ ያጠና ነበር።

ሄልሜት የሚያድነው ጠንካራ ስለሆነ ብቻ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው፤ እኔም ነበርኩ። ጠንካራነት ብቻ ቢሆን ብረት ድስት ይበቃን ነበር። ሥራውን የሚሠራው ከውስጥ ያለው ለስላሳው ነገር ነው፤ እሱ ተጨፍልቆ ምቱን በጊዜ ያዘገየዋል፣ ያሰፋዋል። ለዚህ ነው አንድ ጊዜ ክፉኛ የተመታ ሄልሜት በሌላ የሚቀየረው። ማሰሪያው ካልተቆለፈ ደግሞ ከሰውየው ቀድሞ መሬት ይደርሳል።

ኬርንስ በ1952 በካንሰር ሞቱ፤ 56 ዓመታቸው ነበር። ተራው እንግሊዛዊ ሞተረኛ ሄልሜት እንዲያጠልቅ ሕግ ያስገደደው በጁን 1973 ነው። ከጽሑፉ 32 ዓመት፣ ከላውረንስ ሞት 38 ዓመት በኋላ። ሕጉ ነፃነታችንን ነካ ብለው የተሟገቱ፣ የታሰሩም ነበሩ። ጥምጣም ለሚያስሩ ሲኮች በ1976 ተፈቀደላቸው። በእነዚያ 32 ዓመታት መሀል ስንት ሰው እንደሞተ ማሰብ ያደክማል። ብዙ አገሮች ላይ የተሠሩ ጥናቶችን ሰብስቦ ያየ አንድ ግምገማ በኋላ እንዳስቀመጠው፣ ሄልሜት የሞትን አደጋ በ42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን በ69 በመቶ ይቀንሳል። መቶ በመቶ አይልም፤ ደረትና አንገት የራሳቸው ጣጣ አላቸው።

ይህን ሁሉ ባለፈው ሰሞን ለእህቴ ልጅ አወራሁለት። አዲስ አበባ ውስጥ በሞተር ዕቃ ያደርሳል፤ በቀን ብዙ ካላደረሰ ቤት ኪራይ አይወጣለትም። ጎበዝ ነጂ ነው፣ ከእኔ በጣም ይሻላል። ሄልሜቱንም ያጠልቃል፤ ማሰሪያው ግን ከተበጠሰ ከራርሟል። አዳመጠኝ። ጋሼ ታሪክ ታውቃለህ አለና ሳቀ። ማሰሪያውን መቼ እንደሚያሠራ ስጠይቀው ሥራ ቀዝቀዝ ሲል አለኝ። እኔ ደግሞ በመልሱ ተናድጄ ገንዘብ ሰጥቼ ሌላ እንዲገዛ ላክሁት። ገዝቶ መጣ፤ ይቺኛዋ ማሰሪያ አላት፣ ውስጧን በጣቴ ስጫነው ግን ስፖንጅ ብቻ ነው። መልሰን ሄደን ሻጩን ስንጠይቀው እሱም ልዩነቱን አያውቅም፤ የሚያውቀው ቀለሙንና ዋጋውን ነው። ሦስተኛ ሱቅ ላይ ውስጧ ጠንካራ ፎም ያላት አገኘን። ዋጋዋ ከመጀመሪያዋ ሦስት እጥፍ ነበር፣ ከፈልኩ።

የላውረንስን ሞተር ነገር ሳልነግራችሁ። ከአደጋው ብዙም አልተጎዳም ነበር። መሪውና ጥቂት ነገሮቹ ተጣምመው ወደ ኖቲንግሃም ተመለሰ፣ ተጠገነ፣ ተሸጠ። ዛሬም አለ፤ ጂ ደብሊው 2275 የሚለው ታርጋው እንደተለጠፈ ሙዚየም ውስጥ ለሕዝብ ታይቷል።